በግራ በኩል ያለችው ሴት

ይርገዱ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስታጥብ አሥራ አንድ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ጎንደር ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። ፊቷን ግን በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ከተማው ሁሉ አወቀው።

ከሠፈሯ ከአበራ ጊዮርጊስ ተነሥታ ወደ ሥራ ስትሄድ ፒያሳን ታቋርጣለች። የዚያን ዓመት ዝናቡ እስከ መስቀል ድረስ አልተወም ነበርና፣ እግሯ የሚያርፍበትን ስትመርጥ ሽቅብ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። አንድ ማክሰኞ ጧት ከፊቷ የሚሄዱ ሁለት ተማሪዎች ቆም ብለው ሽቅብ እያዩ ሲስቁ እሷም ቀና አለች።

አዲስ የተከፈተ የሴቶች ጸጉር ቤት ነው። ከበሩ በላይ ሁለት ክንድ ተኩል የሚሆን ከላሜራ የተሠራ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ቢባል ይታመናል። በቀኝ በኩል ጸጉሯ እንደ ዣንጥላ የተነፋ፣ ከንፈሯ የቀላ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ትስቃለች። ከሥሯ «በኋላ» ይላል። በግራ በኩል ጭንቅላቷ የተላጨ፣ ጉንጮቿ በመስመር የተተለተሉ፣ አፏ የተከደነ ሴት አለች። ከሥሯ «በፊት» ይላል። ከሁለቱም በላይ ደግሞ እንደዚያን ጊዜ መፈክር ሁሉ በቀይ ቀለም «እርጅናን እናሸንፋለን!» ተብሎ ተጽፏል።

ይርገዱ መጀመሪያ ያወቀችው ፊቱን አይደለም። ሹራቡን ነው። አንገቱ ላይ ዚፕ ያለው፣ ዚፑ ግማሽ ላይ የተሰበረ ሹራብ። ሠዓሊው የዚፑን ጥርስ ሳይቀር አንድ በአንድ ሥሎታል። ያ ሹራብ የልጇ የዋኘው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኗን ከአንገቱ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ የራሷን ፊት ያገኘችው።

እዚያው ቆመች። አንድ ጋሪ ነጂ «ዞር በሉ እማማ» ብሎ ጮኸባት። ዞር አለች። አርባ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እስከዚያን ቀን ድረስ በመንገድ ላይ እትዬ እንጂ እማማ ያላት አልነበረም።

ያ ፊት ከየት መጣ ቢባል፣ ነገሩ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

የይርገዱ ባል ሰሊጥ ለማጨድ ሑመራ ወርዶ በወባ ከቀረ በኋላ ሁለት ልጆች ብቻዋን አሳደገች። ታላቁ ዋኘው ነው፤ ታናሿ አዝመራ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ወር፣ ዋኘው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጥተው ከቤት ወሰዱት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለሰች። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት በር ላይ ያለው ዘበኛ ሳህኑን እንደተከደነ መለሰላትና ከእንግዲህ አታምጪ አላት። ሌላ ነገር አልነገራትም። በዚያን ጊዜ ለእናት የሚነገራት ይኸው ነበር፤ እናትም ይኸው ይበቃታል፣ ትረዳዋለች።

ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን መትከል፣ ከል መልበስ፣ ደረት መምታት ይቅርና ዓይን አብጦ መታየት እንኳ ያስጠይቃል። አንዲት እናት አልቅሳ በማግሥቱ የተረፈ ልጇን እንደወሰዱባት በየቤቱ ይወራ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት ማን ሄዶ ያጣራል? ይርገዱ የተረፈቻት አዝመራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ልጅቱን ለጎረቤቷ ለሸዋረግ ሰጠቻትና በሯን ዘጋች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መንደር ሙሉ ሴት ከቧት፣ አስለቃሽ እያወጣች እሷ እየተቀበለች የምታደርገውን ሁሉ ብቻዋን አደረገችው። ጸጉሯን በመቀስ ቆረጠች፤ የቀረውን በምላጭ ላጨች። ድምፅ እንዳይወጣት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በዐሥር ጥፍሯ ከዓይኗ ጥግ ጀምራ ቁልቁል ፊቷን ነጨች። ከዚያ ሹራቡን ለብሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሸዋረግ በግድግዳው በኩል ሁሉን ሰምታለች፤ ግን ልጅቱን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ እንዳልሰማች ሆነች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

አዝመራ በሦስተኛው ቀን ስትመለስ እናቷን አይታ ደነገጠች። ይርገዱ ምን ትበላት? ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ታወራዋለች። «ቆረቆር ይዞኝ ነው የተላጨሁት፤ ፊቴንም ሲበላኝ አክኬው ነው» አለቻት። ወንድሟ ደግሞ ሩቅ አገር ተልኳል ተባለች። ልጅቱ ይህን ሁለተኛውን አላመነችም። የመጀመሪያውን ግን አመነች።

በዚያው ወር ቀበሌው ለስኳርና ለሳሙና መቀበያ አዲስ ካርድ ስለሚሰጥ ሁሉም ፎቶ ይነሣ ተባለ። ይርገዱ የዋኘውን ሹራብ እንደለበሰች ሄደች፤ ፎቶ አንሺው ሻሽሽን አውልቂ፣ ጆሮ ካልታየ አይቀበሉም አላት። አወለቀች። ሰውዬው አንድ ጊዜ አያትና ራሱን ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ከተተ። በቀበሌው ደግሞ ጸሐፊው ላቀው ፎቶውን ቁልቁል አየው፤ እሷን ቀና ብሎ አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ቆረቆር ነው ጓድ።»

ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ማኅተሙን መታው። አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ይርገዱ እስከ ዛሬ አልገባትም። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ቆረቆር ሆኖ ቀረ። የጠየቀ ሁሉ ቆረቆር ይባላል፤ ጸጉሯ አደገ፣ ፊቷ ዳነ፣ ጠያቂም ጠፋ። ውሸቱ ብቻ ቤቱ ውስጥ እንደ አንድ ቤተሰብ አብሮ ኖረ።

እንግዲህ ከስድስት ዓመት በኋላ ያ ፊት ፒያሳ ላይ ተሰቀለ።

በልብስ ማጠቢያው ቤት ሴቶቹ ክፋት የላቸውም፤ መሳቅ ግን ሳሙናቸው ነው። አለቃቸው እቴነሽ አንሶላ እየጠመዘዘች፣ «ይርገዱ እንግዲህ ከእኛ ጋር ምን ትሠሪያለሽ? ከኮረዳ ጎን ተሥለሽ!» አለቻት። ሌላዋ ቀበል አድርጋ ግራ በኩል መሆኗ ነው እንጂ ሸጋ ነበር አለች። ይርገዱም ሳቀች። ካልሳቀች ይጠይቋታል።

ከዚያ ወዲህ ግን ሥዕል ማየት ጀመረች። ድሮ አታያቸውም ነበር። በሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ጡት የምታጠባው ሴት ልጅ እግር ናት። በሳሙናው መጠቅለያ ላይ የምትስቀው ልጅ እግር ናት። በአደባባዩ ላይ ማጭድ ይዛ ደረቷን የነፋችው ልጅ እግር ናት። የመሠረተ ትምህርቱ ሥዕል ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴት አለች፤ እርሳሱን በጭብጧ ሙሉ ጨብጣ፣ አንዲት ወጣት እጇን ይዛ ታጽፋታለች። ይርገዱ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረች ናት፤ እርሳስ እንዲያ የሚይዝ ሰው አይታ አታውቅም። የእሷን ዕድሜ የያዘች ሴት ሥዕል ላይ ከወጣች ወይ ታማለች፣ ወይ ፊደል አትለይም፣ ወይ «በፊት» ናት። ታዲያ ይህን ከተማ ማን ነው የሚያጥበው፣ ማን ነው የሚያበላው ብላ አሰበች።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጸጉር ቤቱ ገባች። የቤቱ ባለቤት ብርቱካን የአዘዞ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትሑት ሴት ናት። ይርገዱን ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻት። ሰሌዳው ላይ ያለችው ሴት እኔን ትመስላለች ስትላት ብርቱካን ሽቅብም አላየች፣ አልተከራከረችም። ሠዓሊው ያመጣው ነው አለች፤ እኔ ፊቱን አልመረጥኩም። ይርገዱ አውርጂልኝ ብትላት ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰሌዳው ያላትን ሁሉ ጨርሷል፤ ገበያው ገና መምጣቱ ነው፤ ካወረደችው ጸጉር ቤቱ መኖሩን ማን ያውቃል?

«ምነው እትዬ፣ እርስዎ እኮ አሁን እንዲያ አይደሉም» አለቻት ብርቱካን። «ማን እርስዎ ናቸው ይላል?»

ሠዓሊው አምባቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል አለችው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ እሱ ግን የቡና ቤት በር፣ የጭነት መኪና ጎን፣ ለፎቶ ቤት ደግሞ ከሰው ጀርባ የሚዘረጋውን ፏፏቴና አውሮፕላን ይሥላል። ይርገዱን ሲያያት አወቃት፤ ብሩሹን አስቀመጠ።

አልካደም። ለፎቶ ቤቱ መጋረጃ ሲሠራ፣ ከደንበኛ የተረፈ ቅጂ በሣጥን ሞልቶ ነበርና ከዚያ መረጠ። ፎቶ አንሺው ይቺ ቆረቆር ይዟት የነበረች ሴት ናት ብሎ ነገረው። ለጸጉር ቤት ማስታወቂያ ከዚህ የተሻለ «በፊት» ከየት ይገኛል?

«ቀኟስ?» አለች ይርገዱ። «እሷም እኔ ነኝ?»

«እሷ ከመጽሔት ናት።»

«እንግዲያ ጸጉሬ ሲሠራ ሃያ ዓመት ልሆን ነው?»

አምባቸው ሳቀ፤ ከዚያ አፈረ። ሥራው እንዲህ ነው እትዬ አላት። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያሠራው። በፊት የምትሆነዋ ካርባ በላይ ናት፤ በኋላ የምትሆነዋ ከሃያ በታች። ካርባ ዓመት ሴት አጠገብ ያርባ ዓመት ሴት ቢሥል ማን ቆሞ ያያል? ግን እሱም ጥፋቱን አይቶታል፤ ይክሳታል። የፊቱን መጨማደድ ያጠፋዋል፤ ከወደደች ሻሽ ያስርላታል፤ አፍንጫውንም ቢለውጠው ሌላ ሰው ትሆናለች።

መጨማደድ ያለው የጥፍሯን ቦታ ነበር። አምስት አምስት መስመር፣ ከዓይን ጥግ እስከ መንጋጋ። የሰው ፊት ሲያረጅ እንዲያ ቁልቁል እንደማይቀደድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ እንኳ አላየውም። ይርገዱ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ የስድስት ዓመቱ ልማድ አፏን መልሶ ዘጋው። ላስብበት ብላው ወጣች።

አዝመራ በዚያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ሰሌዳውን ከእናቷ ቀድማ አይታዋለች፤ ክፍል ውስጥ የቆረቆራሟ ልጅ ይሏታል። ለእናቷ አልነገረችም። ሁለቱ ብዙ አይነጋገሩም ነበር። አዝመራ ታዛዥ ናት፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ታነባለች፣ ትተኛለች፤ ዓይኗን ግን እናቷ ላይ አታሳርፍም። ይርገዱ የዕድሜዋ ነገር ነው ትል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አጥሩ ሥር ሽሮ ሲለቅሙ፣ ይርገዱ ሠዓሊው ፊቱን ላጥፋው ብሎኛል አለች። ምን ይሻላል ብላ ጠየቀች። አዝመራ ከሽሮው ቀና አላለችም።

«ያጥፋው» አለች። «እኔም ባየሁት ቁጥር ያመኛል።»

«ስለ ሳቁብሽ ነው?»

«አይደለም።» ከዚያ ያ ሁሉ ዓመት የተቀመጠው ወጣ። «ያኔ ዋኘው ሲሞት ያንቺ ሐሳብ ቆረቆር ነበር። የሸዋረግ እናት ላህያቸው አለቀሱ። አንቺ አንድ ቀን አላለቀስሽም። ጸጉርሽን ተላጭተሽ ሳይ ለሱ መስሎኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቆረቆር ነው አልሽኝ።»

ይርገዱ እጇ ሽሮው ላይ ቀረ። ዋኘውን የገደሉት ሰዎች አልቅሳ እንዳትቀብረው ከልክለዋታል፤ ይህን ታውቀዋለች፣ ተሸክማዋለች። ለተረፈችው ልጇ ብላ የዋሸችው ውሸት ግን እሷንም ወስዶባት ኖሯል። ይህን አላወቀችም። በአንድ ቤት ስድስት ዓመት፣ ልጇ እናቴ ለወንድሜ አላዘነችም እያለች አድጋለች።

በቃል ልትነግራት ፈለገች። ግን አሁን ቢነገራት ለማስታረቂያ የተፈጠረ አይመስላትም? ማስረጃው የት አለ? ጸጉሩ አድጓል፤ ፊቱ ሽሯል። ዞር ዞር ብላ አሰበችና ብድግ አለች።

«ነጠላሽን አድርጊ» አለቻት።

ወደ ፒያሳ ወረዱ። እሑድ ስለሆነ መንገዱ ሰው አለበት፤ ጸጉር ቤቱ ግን ሠርገኞች ስላሉ ክፍት ነው። በመንገዱ ማዶ የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ላይ ላቀው ከሁለት ሰዎች ጋር ቆሟል፤ አሁን ሊቀ መንበር ሆኗል። ይርገዱ አየችው። እግሯ ትንሽ ዘገየ እንጂ አልቆመም።

ከሰሌዳው ሥር ልጇን ክንዷን ይዛ አቆመቻት።

«መስመሮቹን ቁጠሪ» አለቻት።

አዝመራ አልገባትም። ሰው እያየን ነው እናቴ አለች። ይርገዱ እጇን አንሥታ ዐሥር ጣቷን በገዛ ፊቷ ላይ፣ ከዓይኗ ጥግ አሳረፈች፤ ሳትቧጥጥ፣ እንዲያው ሥዕሉ ላይ እንዳለው ቁልቁል አወረደቻቸው። አዝመራ እጇን አየች። ሥዕሉን አየች። እንደገና እጇን አየች። የጎንደር ልጅ ናት፤ ለቅሶ ቤት ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ፊት አይታለች፤ የእናቷን ፊት ግን በሽታ ነው ተብላ ስላደገች አንድም ቀን እንዲያ አላነበበችውም።

«ቆረቆር አይደለም» አለች ይርገዱ። ድምፅዋን ዝቅ ልታደርግ ነበር፤ ስድስት ዓመት ዝቅ ያለ ድምፅ ግን በራሱ ጊዜ ከፍ አለ። «የልጄ የዋኘው ለቅሶ ነው። ብቻዬን ነው ያለቀስሁት። ሹራቡን ለብሼ።»

የጸጉር ቤቱ በር ክፍት ነበር። የሙሽራይቱ እናት ግማሽ ጸጉሯ እንደተፈታ ወንበሩ ላይ ዞረች። ብርቱካን ማበጠሪያ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ወጥታ ሽቅብ አየች፤ በራሷ ደጅ የሰቀለችውን ያን ፊት ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጋ ያየችው። በመንገዱ ማዶ ላቀው ንግግሩን አቁሟል።

ከዚያ የሙሽራይቱ እናት ከወንበሯ ተነሣች። ይርገዱን አታውቃትም። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ እንደፈሰሰ ወጥታ ከፊቷ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ያጥናሽ» አለቻት።

ከዋኘው ሞት ወዲህ ይህን ቃል ለይርገዱ ያላት ሰው አልነበረም። አዝመራ ያዘቻት፤ ሁለቱም እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቱ ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀብራ፣ ቤት ውስጥ ያልተለቀሰውን ፒያሳ መሀል አለቀሱት። ላቀው ትንሽ ቆሞ አየ። የሱቁን በር ቆልፎ ሄደ።

ሰኞ ይጠሩኛል ብላ የምትለብሰውን አዘጋጅታ ጠበቀች። ማክሰኞም ጠበቀች። አልጠሯትም። ለምን እንዳልጠሯት የነገራት የለም፤ ብዙ ጊዜ በር ሲንኳኳ ልቧ መሸበሩን አልተወም። ብርቱካን ሰሌዳውን በዚያው ሳምንት አስወረደችው። አምባቸው ግራውን በነጭ ቀለም ደፍኖ መልሶ ሰቀለው፤ ቀኟ ብቻዋን ስትስቅ ከረመች። ጸጉር ቤቱም አልተዘጋም፤ እንዲያውም ጠና ያሉት ሴቶች ከሌላ ሠፈር ሳይቀር ይመጡ ጀመር።

በሚቀጥለው እሑድ ሸዋረግ በግድግዳው በኩል አልቀረችም፤ በበሩ ገባች። ያን ቀን ልጅቱን አስተኝቼ ሁሉን ሰምቻለሁ፣ ፈርቼ ነው ይቅር በይኝ አለች። ይርገዱ አውቃለሁ አለቻት። ከዚያ እቴነሽ ከልብስ ማጠቢያው ሴቶች ጋር መጣች። ያቺ የሙሽራይቱ እናት መጣች። ሰው መሰብሰብ ያስጠይቃልና እያንዳንዷ እንዝርትና ባዘቶ ይዛለች፤ የጠየቀ ካለ ለሴቶች ማኅበር ፈተላ ነው ይባላል። ማንም አልጠየቀም።

በመደቡና በወለሉ ላይ ተቀምጠው ፈተሉ። ለቅሶ ነውና ብዙ አልተወራም። በኋላ ሸዋረግ እንደ ወጉ፣ ላላወቁት ሴቶች ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ንገሪያቸው አለቻት።

ይርገዱ ከየት እንደምትጀምር ጨነቃት። ይህን ያህል ዓመት ስሙን በአፏ አላነሣችም። ጎበዝ ተማሪ ነበር አለች፤ ይህን ሁሉም እናት ይላል። ረጅም ነበር አለች። ከዚያ ድንገት፣ «ሲስቅ ድምፅ አልነበረውም» አለች። «አፉን ገጥሞ ትከሻው ብቻ ነበር የሚስቅ።»

አዝመራ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ነበረው እናቴ» አለች። «ቤት ከሌለሽ ጣራ እስኪነቃነቅ ነበር የሚስቅ። አንቺ ከሥራ ደክመሽ ስትገቢ ነው የሚያፍነው።»

ይርገዱ ወደ ልጇ ዞረች። «እንዴት ነበር የሚስቀው?» አለቻት። «እስቲ ንገሪኝ።»